ገብስማዋ

አንዲት ሴት ገብስማ ዶሮ ነበረቻት። ከጓሮዋ ዶሮዎች ሁሉ እሷን የምታስበልጠው አንድ ቀን እየዘለለች ሳትታክት ስለምትጥል ነው። መስቀል እንዳለፈ ግን ገብስማዋ አቆመች። ቅርጫቱ ላይ ትወጣለች፣ ጭዱን ታገላብጣለች፣ ባዶውን ትታው ትወርዳለች።

ጎረቤት ምክር አያልቅበትም። አንዷ «ፌጦ በውሃ አጠጫት» አለች። ሌላዋ «ስንዴ ቆልተሽ ስጫት»፤ ሦስተኛዋ «ቅርጫቱ ነው፣ ቦታ ቀይሪላት»። ሴትዮዋ ማንንም አላስቀየመችም፤ ሁሉንም አደረገች። በየማለዳውም ገብስማዋን ከቆጡ አውርዳ፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ እንቁላሉ ደርሶ እንደሆነ በጣቷ ትዳስሳለች። ሲሰነብት ዶሮዋ ኮቴዋን ስትሰማ አጥር ሥር መወሸቅ ጀመረች።

አንድ ቀን አክስቷ ከገጠር መጡ። ነገሩን ሰምተው ምንም አላዘዙም። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዶሮዎቹን ሲያዩ ዋሉ፤ ሌሊትም ሲያዳምጡ አደሩ። ሲነጋ ጠሯት።

«ልጄ፣ ጥሬ ስትበትኚ ቀይዋ ዶሮ ገብስማዋን አታስቀርባትም። የምትሰጪው ይበቃ ነበር፤ እሷ ጋ ግን አይደርስም። ሌሊት ደግሞ ሽለምጥማጥ በቆጡ በኩል ጭቃውን ሲቧጥጥ ያድራል። ሌሎቹ ወደ ውስጥ ተጠጋግተው ይተኛሉ፤ እሷ ዳር ናትና ቆማ ታድራለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አንቺ አለሽ።»

«እኔ ምን አደረግኋት፣ አክስቴ?»

«ከሽለምጥማጡ ለይታ የምታይሽ ይመስልሻል?»

ሽለምጥማጡ የቧጠጠው ቀዳዳ በድንጋይና በጭቃ ተደፈነ። ለገብስማዋ ጥሬው ለብቻ በጣሳ ሆነ። ቅርጫቱ ከእንግዲህ እንዳይነቃነቅ ተባለ፤ መዳሰስም ቀረ። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ምንም። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ሴትዮዋ ጭዱን ልትቀይር እጇን ብትሰድ ሙቅ ነገር ነካች።

ይህን ያየች፣ የእሷም ዶሮ መጣል ያቆመችባት ጎረቤት ቀዳዳዋን ደፈነች፣ ጥሬውን ለየች፣ ሁለት ወር ጠበቀች። የእሷ አልጣለችም። አክስትየው ተመልሰው ሲመጡ ዶሮዋን አንስተው ሆዷን ነካክተው፣ «ይቺን ለእንስሳት ሐኪም አሳዪያት፤ ይሄ የቀዳዳ ጉዳይ አይደለም» አሉ።

ሴትን በዶሮ መመሰል ደስ አይልም፣ አውቃለሁ። ግን በሁለቱም ዘንድ እንቁላል የማውጣት ትእዛዙ የሚነሳው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከአንጎል ግርጌ ካለው ሃይፖታላመስ። እሱ ፒቱታሪ የተባለችውን እጢ ይቀሰቅሳል፣ እሷም እንቁላሉን የሚያበስሉና የሚያስለቅቁ ሆርሞኖችን ወደ ኦቫሪ ትልካለች። ምግብ ሲያንስ፣ ልፋት ከሚበላው ሲበልጥ፣ ሐሳብ እንቅልፍ ሲነሳ ሃይፖታላመስ እንደ ገብስማዋ ቆሞ ያድራል፤ ትእዛዙንም ይቀንሳል ወይ ጭራሽ ያቆማል። ለሰርግ ልብስ ብላ እራቷን ትታ በማለዳ ጂም የምትሮጥ ልጅ የወር አበባዋ ቢቀር ሆርሞኗ የተዛባ ይመስላታል፤ ሰውነቷ ግን ረሃብ የገባ መስሎት ነው። ለዚህ የሚመከረውን ጥቁር አዝሙድ በማር አልጠላም። ቀዳዳ ግን አይደፍንም።

አንድ እንቁላል በስሎ እስኪወጣ የመጨረሻው እድገቱ ብቻ 3 ወር ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ዛሬ በደንብ መብላትና መተኛት የጀመረች ሴት በሚመጣው ወር ፍሬውን ብትፈልግ ገብስማዋን በየማለዳው እንደመዳሰስ ነው። ስልኳ «ዛሬ 14ኛው ቀን ነው፣ እንቁላሉ ይወጣል» ቢላትም የሁሉም ሴት 14ኛ ቀን አንድ አይደለም። እንቁላል የሚወጣው ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነውና የወር አበባዋን በየ35 ቀን የምታይ ሴት ወደ 21ኛው ቀን ትጠጋለች። በየወሩ «ምነው፣ እስካሁን?» የምትል አማትም ከዳሳሾቹ ወገን ናት።

የጎረቤቲቱ ዶሮ ነገር ግን ሌላ ነው። ታይሮይድ ሲታወክ፣ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ሲበዛ፣ ወይም ከ100 ሴቶች 10 ያህሉን የሚያገኘው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የተባለ ሕመም ሲኖር እንቅልፍና እራት ብቻቸውን አይበቁም። በፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ክብደቷ ለጨመረ ሴት ከኪሎዋ ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ መቀነስ እንቁላሉን ሊመልስ ይችላል፤ ለሌላዋ ኪኒን ያስፈልጋል። የወር አበባ 3 ወር ከቀረ፣ መጀመሪያ እርግዝና አለመሆኑን አይቶ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ልጅ እየፈለጉ 1 ዓመት ካለፈም እንዲሁ፤ ሴቲቱ 35 ከሞላት ግን 6 ወር ይበቃል።

አውራ ዶሮውን አላነሳሁትም፤ ዶሮ ያለ አውራ ትጥላለችና። ጫጩት ሲፈለግ ግን ስሙ መነሳት ነበረበት። የባል ምርመራ ከሚስቱ ይልቅ ቀላል ነው፤ አንድ ናሙና ሰጥቶ መሄድ ነው። ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ካርዷን ይዛ፣ ብዙ ጊዜ ብቻዋን የምትጠብቀው ግን እሷ ናት።