ገንዘብ ተከፍሎ የሚገባበት በረሃ

እናቴ ስልኩን ስታነሳ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ጤናዬን አይደለም። «ዛሬ ደግሞ የት ናችሁ?» ነው የምትለኝ። እነግራታለሁ፤ ኒው ሜክሲኮ ነን፣ ዩታ ነን፣ አሪዞና ነን። ለእሷ ሁሉም አንድ ነው። አስቀሎና ከሚገኘው ቤቷ ሆና ከዚህ ሁሉ ስም የሚገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ ዛሬም ቤት የለውም።

ቤትማ አለን። ዘጠኝ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በስድስት ጎማ የሚሄድ ቤት። አሜሪካኖቹ አርቪ ይሉታል። አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሽንት ቤትና 150 ሊትር ውሃ የሚይዝ ታንከር አለው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከገባንበት ሦስት ዓመት ሆነን። ልጆቹ ትምህርት ቤት አይሄዱም፤ እኛው ነን የምናስተምራቸው። በአሜሪካ ይህ በሁሉም ግዛት የተፈቀደ ነው፤ ቁጥጥሩ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። ጠዋት ሒሳብና ዕብራይስጥ ይማራሉ። ከሰዓት በኋላ ደጁ ራሱ ትምህርት ቤት ነው፤ የድንጋይ ንብርብር፣ የእንስሳ ዱካ፣ ካርታ ማንበብ።

አርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት መኪናው ይቆማል፤ ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ምግቡ ቀድሞ ይበስላል፤ በሩ ሲከፈት እንዳይበራ የማቀዝቀዣው አምፑል ይነቀላል። ቅዳሜ በእግር መሄድ ይቻላል፤ ግን በረሃ ላይ ያለ ሰው ከማደሪያው 2000 ክንድ አያልፍም። ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ልጆቹ አርብ ከሰዓት በእርምጃ ይለኩትና ጫፉ ላይ የሚያገኙትን ዛፍ ወይም አለት ምልክት ያደርጋሉ። ለስድስት ቀን አገር ምድሩ ሁሉ የእኛ ነው፤ በሰባተኛው ግን እዚያች ዛፍ ላይ ያበቃል። ይሄን ስነግራት እናቴ ደስ ብሏት ዝም ትላለች።

ደስ የሚላትም ምክንያት አላት። እ.ኤ.አ. በ1984 ከጎንደር ወጥተን ወደ ሱዳን ስንጓዝ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቀን ጫካ ውስጥ ተደብቀን፣ ሌሊት ነበር የምንሄደው። ሰንበት ሲገባ ሽማግሌዎቹ «አንሄድም» አሉ። መንገድ መሪው ተቆጣ፤ ሽፍታ አለ፣ ወታደር አለ፣ ውሃው አያደርሰንም አለ። ሽማግሌዎቹ ግን አልተነሱም። እኛም ቁጭ አልን። ታናሽ እህቴ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ሱዳን ደርሰን፣ ኡም ራኩባ ካምፕ ውስጥ ሞተች። በዚያ መንገድና በእነዚያ ካምፖች ወደ 4 ሺህ የሚሆኑ ቤተ እስራኤላውያን እንዳለቁ ይገመታል። ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እናቴ በየዓመቱ ትሄዳለች፤ ለእህቴ የምታለቅስበት ሌላ መቃብር የላትም።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ናት አንድ ቀን «እኛ ሳንወድ የሄድንበትን በረሃ አንተ ገንዘብ ከፍለህ ትገባበታለህ?» ያለችኝ።

ለብዙ ጊዜ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። ነፃነት ማለት ይሄው ነው እላታለሁ፤ በረሃ ገብቶ፣ አይቶ፣ ማታ ወደ አልጋ መመለስ። እናንተ የተሰቃያችሁት ልጆቻችሁ ፎቅ ላይ ተዘግተው እንዲኖሩ ነው እንዴ? መልሱ ያምራል። ከማማሩ የተነሳ እኔም አምኜው ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ኋይት ሳንድስ ገባን። አሸዋው ጂፕሰም ነው፤ እንደ በረዶ ነጭ። እዚያ ውስጥ ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግር መንገድ አለ። ጥላ የለውም፣ ውሃ የለውም፤ ከአሸዋ ኮረብታ ጀርባ ሌላ የአሸዋ ኮረብታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በነሐሴ ሙቀት በዚሁ መንገድ ላይ ለጉብኝት የመጡ ባልና ሚስት ሞተዋል። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ግን ተረፈ። እነሱ አንድ ሲጎነጩ ለእሱ ሁለት ስለሰጡት ነው ተብሎ በጊዜው ተነግሯል።

ይሄን ለልጆቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ውሃ ቀልድ እንዳልሆነ እንዲገባቸው ብዬ። ቀኑ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ለእያንዳንዳችን አራት ሊትር ይዘናል። ግማሽ መንገድ ላይ ዞር ስል የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ከስምንት ዓመቱ ወንድሟ ጋር ትጫወታለች። እሷ አንድ ትጎነጫለች፤ ለእሱ ሁለት ትሰጠዋለች። «እኔ እናትየው ነኝ፣ አንተ የምትተርፈው ነህ» ትለዋለች። ይስቃሉ።

ጮህኩባቸው። እንደዚያ ጮኼባቸው አላውቅም። ባለቤቴ እጃቸውን ይዛ ወደፊት ወሰደቻቸው፤ እኔ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። የጮህኩት በእነሱ አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ እናቴን አንድ ነገር ጠይቄያት አላውቅም፤ ያኔ ሁለት ሁለት የሰጠችው ለማን እንደነበር።

ማታ ልጄ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። «አባ» አለችኝ። (በዕብራይስጥ ትበለው በአማርኛ፣ እሷም አታውቀው፤ በሁለቱም ያስኬዳል።) «አንተን ያኔ መሄድ ትፈልጋለህ ወይ ብለው ጠየቁህ?»

«አልጠየቁኝም።»

ትንሽ አሰበችና፣ «እኔንስ?» አለች።

ባለቤቴ አሜሪካ የተወለደች ናት፤ ታልሙድ ታውቃለች። የእኛ ቄሶች ኦሪትን እንጂ ታልሙድን አያውቁም ነበር፤ እኔም የተማርኩት እስራኤል ከገባሁ በኋላ ነው። ከእሷ የወሰድኩት አንድ ነገር አለ። አባት ልጁን ሕጉንና አንድ ሙያ የማስተማር ግዴታ አለበት፤ ዋና ማስተማርም አለበት የሚሉ አሉ። ዋና! ይሄን እወደዋለሁ። ልጅ አንድ ቀን ያለ አባቱ ውሃ ውስጥ እንደሚገኝ ያወቀ ሰው የተናገረው ነው።

ከዚያ ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 የወሰነው አንድ ጉዳይ አለ፤ ቤት ውስጥ የሚያስተምሩ ወላጆች ሁሉ ደጋግመው ያነሱታል። የአሚሽ ወላጆች ልጆቻችንን ከስምንተኛ ክፍል በላይ ትምህርት ቤት አንልክም አሉ፤ ረቱም። በየስብሰባው የሚወራው እዚህ ላይ ያበቃል። ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ግን በከፊል ተለይተው፣ ወላጆቹ ተሰምተዋል፣ ልጆቹንስ ማን ጠየቃቸው የሚል ሐሳብ አስፍረዋል። እኔ ይህን ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ለባለቤቴ እንኳ አንስቼላት አላውቅም፤ አይመቸኝም ነበር።

እናትና አባቴ አለመጠየቃቸውን አልወቅሳቸውም። የሚሄዱበት ነበራቸው። ኢየሩሳሌም የሚለው ስም ከእነሱ በፊት ስንት ትውልድ ጸልዮበታል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ተጠይቆ የሚቀርበት ጉዳይ አልነበረም። እኔስ የት ነው የምሄደው? ዛሬ ዩታ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ኔቫዳ። መድረሻ የሌለው ጉዞ ክፉ ነው አልልም፤ ልጆቼ ከዋክብትን በስም ያውቃሉ፣ እኔ በእነሱ ዕድሜ ከዋክብትን የማውቃቸው እንዳይነጉብን ስፈራ ብቻ ነው። ግን መድረሻ የሌለው አባት ከባለ መድረሻው ይልቅ መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል። «መንገዱ ያስገድደናል» ማለት አይችልማ።

መጠየቁም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅን «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ጠይቆ የራስን ሸክም በእሷ ላይ መጫን አለ። ለሁለት ቀን ፈራሁ። በመጨረሻ ሁላችንም ባለንበት ጠየቅናቸው። ትንሹ ጥያቄው ሳያልቅ «እንቀጥል!» አለ። እሷ ጊዜ ስጡኝ አለች። ሐሙስ ማታ ዕቃ እያጠብን ሳለ መለሰችልኝ፦ «መንገዱን አልጠላሁትም። ግን አንድ ጓደኛ ሁለት ጊዜ ማየት እፈልጋለሁ።»

ስለዚህ እስከ ፋሲካ ምኩራብ ያለበት ከተማ ቆመናል። ለማኅበር ጸሎት አሥር ሰው ያስፈልጋል፤ በረሃ ላይ እኔ ብቻዬን ነበርኩ፣ እዚህ አሥረኛው ስሆን ያጨበጭቡልኛል። ልጄ ጓደኛ አግኝታለች፤ ከአምስት ጊዜ በላይ ተያይተዋል። ልጁ በየቀኑ መቼ ነው የምንሄደው ይለኛል። እኔም በልቤ እጠይቃለሁ፤ እሱን ግን አልነግረውም።

ለእናቴ ስለ አሸዋው ጨዋታ ነገርኳት። ዝም አለች። ያንን አርባ ዓመት የያዝኩትን ጥያቄ ምላሴ ላይ አደረስኩት፤ መለስኩት። እሷ ናት ዝምታውን የሰበረችው።

«ስንት ስንት ሊትር ነው የምትይዙት?»

«ለሰው አራት።»

«ለልጆቹስ?»

«ያው እኩል ነው፣ እማ።»

ትንሽ ቆየች። የአስቀሎና መኪኖች ጡሩምባ በስልኩ ይሰማኛል።

«ለልጆቹ ጨምር» አለችኝ። «ለሁለቱም።»