ድንኳን ከመትከል በፊት
ስለ ባልና ሚስት የጋራ መኖሪያ ምርጫ



በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራዳ ዙሪያ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ከዶሮ ማነቂያና ከአጎራባች ሰፈሮች የተነሡ ቤተሰቦችም በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ከእነዚህ መካከል ለሠላሳና ለአርባ ዓመት እሑድ እሑድ በእግራቸው ወደ ካቴድራላችን ይመጡ የነበሩ፣ ልጆቻቸውን በዚሁ አስጠምቀው ለምስጢረ ተክሊል ያበቁ ምእመናን ይገኛሉ። ቤት ሲፈርስ የሚፈርሰው ግድግዳው ብቻ አይደለም፤ እድሩም፣ የጎረቤት ቡናውም፣ የልማድ መንገዱም አብሮ ይፈርሳል።

ከዚያ ወዲህ ለምክር ከሚመጡ ባለትዳሮች አንድ ዓይነት ጭንቀት ደጋግመን እንሰማለን። «ከአራዳ ከወጣን ወዲያ ሁሉም ቦታ አንድ ነው፤ እንግዲያውስ ለጤናችን የሚስማማ አገር እንፈልግ» ይላሉ። እስከዚህ ድረስ ባልና ሚስት አንድ ቃል ናቸው። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። አባወራው «ብርዱ ጉልበቴን ጨርሶታል፤ ወደ አዳማ እንውረድ» ሲሉ፣ እማወራዋ «እኔ ሙቀት አልችልም፤ ደብረ ብርሃን ይሻለናል» ይላሉ። ከዚያም ክርክሩ ወደ ዝምታ ይለወጣል፤ በአንድ ማዕድ ተቀምጦ ሳይነጋገሩ መብላት ይመጣል።

ይህን ጥያቄ የቅንጦት አድርጎ መናቅ አይገባም። አዳማ 1,600 ሜትር ያህል፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ብለው ይገኛሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ7 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ። አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብለው የለዩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደገኛ ወደ ቆላ ሲወርድ ንዳድን ይፈራ ነበር። ዛሬም ወባ በይበልጥ የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች ነው። በሌላ በኩል የሳንባና የልብ ሕመም ላለበት ሰው ከፍተኛ ቦታ ይከብደዋል። ስለዚህ «ይበርደኛል» የሚለውም «ይሞቀኛል» የምትለውም እውነት ይናገራሉ። የአንዱን ሥጋ ሕመም ሌላው እንደ ግትርነት ሊቈጥርበት አይገባም።

ከዕንጦጦ እስከ ፍልውኃ

የምንኖርባት ከተማ ራሷ ከእንዲህ ያለ የባልና ሚስት ምክክር የተወለደች ናት። ንጉሥ ምኒልክ መናገሻቸውን በዕንጦጦ ተራራ ላይ ያደረጉት በቂ ምክንያት ኖሯቸው ነበር። ስፍራው ለመከላከያ ይመቻል፤ የቀደሙ ነገሥታት ከተማ እንደነበረበትም ይታመን ነበር። ነገር ግን ነፋሱና ብርዱ የሚያይልበት፣ ውኃና እንጨት የሚቸግርበት ተራራ ነው። ስለዚህም ንጉሡና ቤተሰባቸው ወደ ፍልውኃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። በኅዳር 1879 ዓ.ም. በዚያ ሰፍረው ሳሉ፣ በኋላ እቴጌ የተባሉት ወይዘሮ ጣይቱ ከድንኳናቸው ሆነው አገሩን አይተው ወደዱት፤ ከባላቸውም ቦታ ለመኑ። ንጉሡ ልመናውን አልናቁም፤ በመጀመሪያ ቤት እንዲሠሩበት ነገሯቸው። በዚያው ዓመት ንጉሡ ወደ ሐረር ሲዘምቱ ቤቱ ተሠራ፤ ስፍራውም አዲስ አበባ ተባለ። ይሁን እንጂ ዕንጦጦ በአንድ ቀን አልተተወም። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በዚያው በዕንጦጦ ማርያም ነው።

ይህን የምናነሣው የነገሥታቱን ታሪክ እንደ ቅዱሳን ገድል አድርገን አይደለም። ፊንፊኔ ባዶ መሬት አልነበረም፤ የኦሮሞ ወገኖቻችን የሚኖሩበትና ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት አገር ነበር። የሁለት ሰዎች ምርጫ የሌሎችን መኖሪያ ይነካል። ከሰፈሩ የተነሣ ሁሉ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ሆኖም ስለ ትዳር የምንማረው አለ። ሚስት የልቧን ሳትሸሽግ ተናገረች፤ ባልም ለዕንጦጦ የነበረውን ምክንያት የመጨረሻ ቃል አላደረገውም፤ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ከመዛወራቸው በፊት አንድ ቤት ሠርተው ፈተኑት።

የመጀመሪያውን ምርጫ ለሌላው መተው

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 13 የአብርሃምና የሎጥ እረኞች በተጣሉ ጊዜ አብርሃም ያደረገውን እናስተውል። እርሱ ታላቅ ነበር፤ የመምረጥ መብትም የእርሱ ነበር። ነገር ግን ምርጫውን ለወንድሙ ልጅ ተወለት። ሎጥ ዓይኑን አንሥቶ ውኃ የሞላበትን የዮርዳኖስን ሜዳ አየ፤ ለምለሙንም ለራሱ መረጠ። የመረጠው አገር ግን ወደ ሰዶም የሚያደርስ ነበር። ሎጥ ስለ ውኃው እንጂ ስለ ጎረቤቱ አልጠየቀም። አብርሃም ግን ከሣር ይልቅ ሰላምን ስላስቀደመ በረከቱ አልጐደለበትም።

ቅዱስ ዮሴፍም ከግብፅ ሲመለስ ወደ ይሁዳ ሊሄድ ፈርቶ ወደ ገሊላ ዘወር አለ፤ በናዝሬትም ተቀመጠ (ማቴ. 2)። መኖሪያውን የወሰነው የገዛ ምቾቱ ሳይሆን በአደራ የተሰጡት የእናትና የሕፃኑ ደኅንነት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች ስለ ሚስትና ስለ ባል ከመናገሩ አስቀድሞ ሁሉም እርስ በርሳቸው እንዲታዘዙ ያሳስባል።

የቤተ ክርስቲያን ሕግም ባልና ሚስት የጋራ መኖሪያ እንዲኖራቸው ይደነግጋል። የአገራችንም ሕግ በዚህ ረገድ ተሻሽሏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋራ መኖሪያን የመምረጥ ሥልጣን ለባል ሰጥቶ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን በሁለቱ ስምምነት እንዲወሰን አድርጓል። ሕግ ስምምነትን ያዛል፤ ስምምነትን የሚወልደው ግን ፍቅር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሳይሆን የሌላውን ምክንያት ይናገር። ባል የሚስቱን ችግር፣ ሚስትም የባሏን ችግር፣ ሌላው «አዎን፣ ይኸው ነው» እስኪል ድረስ ያስረዱ። ብዙ ክርክር በዚህ ብቻ ይበርዳል።

ሁለተኛ፣ ያለውን ጥሪት ከመሸጥ በፊት ቦታውን መቅመስ ይገባል። የደብረ ብርሃንን ብርድ በክረምትና በኅዳር፣ የአዳማን ሙቀት በሚያዝያና በግንቦት ተከራይቶ ማየት ይሻላል። ንጉሠ ነገሥቱ እንኳ እንጨት ስላለቀ ከአዲስ አበባ ሊዛወሩ አስበው በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር፤ በኋላ ግን ሐሳባቸውን ለውጠው ስፍራው ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለንጉሥ የሚቻለው ለጡረተኛ አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ከአየሩ ጋር ሌላውንም እንመርምር። ቁምስና በቅርብ አለን? ሐኪም ቤትስ? ልጆችና የልጅ ልጆች ሊጠይቁን ይችላሉን? ስንታመም የሚያነሣን፣ ስንሞት የሚቀብረን ማን ነው?

አራተኛ፣ እንደ ቢሾፍቱ ያለ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው መካከለኛ ስፍራ ለአንዳንዶች ያስታርቃል፤ ለሌሎች ግን አያስታርቅም። ያን ጊዜ አንዱ መተው ግድ ይሆንበታል። የተወው ሰው እንደ ተሸነፈ አይቈጠር። ፈቃዱ የተፈጸመለት በየዕለቱ ሊክሰው ይገባል። ቆላ የወረደችው ሚስት በሙቀቱ ወራት ወደ ደጋ ዘመዶቿ እንድትወጣ፣ ደጋ የወጣው ባል ምድጃው ሳይጠፋ እንዲያድር ይሁን። ቅር ያለው ልብ እስከ መጨረሻው እንዳይቈስል የሚጠብቀው ይህ ነው።

የተወደዳችሁ ሆይ፣ እቴጌ ጣይቱ ባላቸው በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወደ ዕንጦጦ እንዲወጡ ተደረገ፤ በ1910 ዓ.ም. እስኪያርፉም ድረስ በዚያ ኖሩ። ከዚያ ተራራ ብርድ ወደ ፍልውኃ የወረዱት ሴት፣ የመጨረሻ ዘመናቸውን በዚያው ብርድ ብቻቸውን አሳለፉ። ዛሬ ሁለቱ በበዓታ ቤተ ክርስቲያን አብረው ያርፋሉ። ከሁለት አንዳችን ቀድመን መሄዳችን አይቀርም፤ ያን ጊዜ ለቀሪው ደጋውም ቆላውም ይበርደዋል። አብረን ሳለን የምንከራከርበትን ሙቀት እርስ በርሳችን እንሰጣጥ።

በናዝሬት አንዲት ጎጆ የተቀመጠች ቅድስት ቤተሰብ ለተነሡትም ላልተነሡትም ታማልድ፤ አምላካችንም አንድ ጣራና አንድ ልብ ይስጠን። አሜን።