የሰሜኑ ቅስት አንድምታ

ንባብ፦ ከፀሐይ ወጣ፤ በጅራት ተከማቸ፤ በመንገድ በረታ፤ በአየር ታየ።

ይህ የተነገረው በኖርዌይ በትሮምሶ፣ በስዊድን በኪሩና ሰማይ በክረምት ሌሊት ስለሚዘረጋው አረንጓዴ ቅስት ነው። ርዝመቱ በሺህ ኪሎ ሜትር ይቆጠራል፤ ውፍረቱ ግን አንዳንዴ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እንደ ተወጠረ ገመድ ጸጥ ብሎ ይቆይና ድንገት የታችኛው ጠርዙ ይቀላል፤ እንደ መጋረጃ እየታጠፈ ይሮጣል።

«ከፀሐይ ወጣ» አለ። ፀሐይ ዘወትር የምትተነፍሰው የኤሌክትሮንና የፕሮቶን ነፋስ አለ፤ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ያ ነፋስ መጥቶ አየሩን ቢመታው በራ እንበልን ቢሉ፣ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ይህ ትርጓሜ ከግማሽ መንገድ የቀረ ነው። ምነው ቢሉ፣ በነፋሱ ያለ ኤሌክትሮን ጉልበቱ 10 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፤ ቅስቱን የሚያበራው ግን ከ1,000 እስከ 10,000 ይደርሳል። ነፋሱ ጉልበት ያበድራል እንጂ ብርሃኑን በእጁ አያበራም።

«በጅራት ተከማቸ» አለ። ነፋሱ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ በቀን በኩል ይጫነዋል፤ በሌሊት በኩል ስቦ ከጨረቃ ወዲያ የሚያልፍ ጅራት ያደርገዋል። ምሳሌ፦ ቀስት ሲሳብ ጉልበቱ በደጋኑ ይቋጠራል፤ ሲለቀቅ ይወጣል። ቅስቱም ያለ ቀስት አልሆነም። መለቀቁ በምን ታወቀ ቢሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ቴሚስ የተባሉ አምስት ሳተላይቶች የጅራቱ መግነጢሳዊ መስክ መስመሮች ተበጥሰው ሲገጣጠሙ አዩ። ቦታው ወደ ጨረቃ ከሚወስደው መንገድ ሲሶው ላይ ነው፤ ከዚያም ደቂቃ ተኩል ገደማ ቆይቶ በሰሜን ሰማይ ብርሃኑ ፈነዳ።

«በመንገድ በረታ» አለ። የነገሩ ልብ ይህ ነው።

ታሪክ፦ እ.ኤ.አ. በ1741 በኡፕሳላ ሂዮርተርና ሴልሲየስ ብርሃኑ በታየ ቁጥር የኮምፓስ መርፌ ሲወዛወዝ ተመለከቱ። መርፌ የሚያወዛውዝ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነውና፣ ኖርዌያዊው ቢርክላንድ በ1908 ፍሰቱ በመስክ መስመሮች ላይ ከሕዋ ይወርዳል፣ ተመልሶም ይወጣል አለ። እንግሊዛዊው ቻፕማን አልተቀበለውም፤ ፍሰቱ ከላይኛው አየር አይወጣም ብሎ ጸና። ቢርክላንድ በ1917 ሞተ፤ ሳተላይቶች እውነቱን የመሰከሩለት ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። ይህን ሳስብ ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ኤሌክትሮኑ እንዴት በረታ ቢሉ፦ ፍሰቱ ተሸካሚ ይሻል፤ ከምድር በላይ በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከፍታ ግን ተሸካሚው ጥቂት ነው። ፍሰቱ እንዳይቋረጥ በመስመሩ ላይ የሺህ ቮልቶች ልዩነት ይፈጠራል፤ ኤሌክትሮኑም ከገደል እንደሚወረወር ውሃ ቁልቁል ይምዘገዘጋል።

አንድም፣ በሞገድ በረታ። ስዊድናዊው አልፍቬን በ1942 እንዳስረዳው፣ የመስክ መስመር እንደ በገና ጅማት ሲነካ ሞገድ ይሄድበታል። ኤሌክትሮኑ ሞገዱን ተሳፍሮ ይፈጥናል። ይህም በ2021 በሎስ አንጀለስ ቤተ ሙከራ በረጅም የፕላዝማ ዕቃ ውስጥ ተለክቶ ታየ።

ከሁለቱ የትኛው ይጽና ቢሉ፣ አንዱ አንዱን አያፈርሰውም። ጸጥ ላለው ቅስት ፊተኛው ይስማማዋል፤ ለሚታጠፈውና ለሚሮጠው ኋለኛው። ጸጥ ያለው ቅስት ያን ያህል የሚቀጥንበት ምክንያት ግን ዛሬም ሊቃውንቱን ያከራክራል።

«በአየር ታየ» አለ። አረንጓዴው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ኦክስጅን ነው፤ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 557.7 ናኖ ሜትር። ቀዩ ከ200 በላይ ነው፤ አቶሙ እስኪያበራ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈልጋልና፣ አየሩ ካልሳሳ ቀድሞ ይጋጫል። የታችኛው ጠርዝ ቅላት የናይትሮጅን ነው።

በእኛ አገር ስለምን አይታይም ቢሉ፣ የመግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ያልፋልና፣ መስመሮቹ በላያችን አግድም ይተኛሉ፤ መውረጃ መንገድ የሚሆኑት በዋልታዎቹ አካባቢ ሲቆሙ ነው። ቢሆንም ታላቅ የመግነጢስ ማዕበል ሲነሣ ብርሃኑ ያልደረሰበት የአዲስ አበባ የመግነጢስ መለኪያ፣ እንደ ኡፕሳላው መርፌ ይወዛወዛል።