ለታመመ ሕፃን እውነቱን መንገር ይገባልን?

በሕፃን ሳንባ ላይ በራጅ ምስል አንድ ጥላ ሲታይ የሳንባ ነቀርሳ፣ የፈንገስ ሕመም ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል። የእያንዳንዱ ሕክምና ልዩ ልዩ ስለሆነ፣ ምስሉን ብቻ አይቶ መወሰን የማይቻልበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሐኪሞች በሲቲ ስካን ወይም በአልትራሳውንድ እየተመሩ፣ መርፌ በጎድን አጥንቶች መካከል አሳልፈው ጥቂት ናሙና ይወስዳሉ። ሕፃኑም ብዙውን ጊዜ በማደንዘዣ እንዲተኛ ይደረጋል። ይህ አሠራር ደረትን ከመክፈት ይልቅ የቀለለ ቢሆንም ከአደጋ ነጻ አይደለም፤ ደም ሊፈስ፣ ከሳንባ የወጣ አየርም በደረት ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል።

መርፌው ራሱ አያድንም፤ የሚፈለግበት እውነቱን ለማወቅ ነው። ወላጆች ስለ ልጃቸው ይፈቅዳሉ፤ ይህም መብታቸውና ግዴታቸው ነው። ነገር ግን የሚወጋው የልጁ አካል ነው። አንዳንድ ወላጆች ልጁ እንዳይፈራ በማለት «ፎቶ ልትነሣ ነው» ብለው ይወስዱታል። ይህ ከርኅራኄ የመነጨ መሆኑን አንክድም። ሆኖም ልጁ ሲነቃ ፋሻውንና ሕመሙን ያገኛል፤ የሚጎዳውም ጎኑ ብቻ ሳይሆን በእናቱ ቃል ላይ የነበረው እምነት ነው። ሕመሙ ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ደግሞ፣ ረጅሙን ሕክምና የሚያልፈው በዚያው እምነት ተደግፎ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ12ኛው አንቀጽ፣ የልጁ ሐሳብ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይደነግጋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ1995 ባወጣው መግለጫ፣ ልጁ እምቢ ቢልም ሕክምናው የሚፈጸም ከሆነ ይኸው ሊነገረው እንጂ ሊታለል እንደማይገባ አስታውቋል። እንግዲህ እምቢታው የማይሰማ ከሆነ «ትፈቅዳለህን?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ሌላ ማታለል ነው።

«ሕፃን ይህን ሁሉ እንዴት ይሸከማል?» የሚል ሰው ይኖራል። እውነትን መናገር ግን ሁሉን በአንድ ጊዜ መናገር አይደለም። ለአምስት ዓመት ልጅ «ትተኛለህ፤ ስትነቃ ጎንህን ጥቂት ያምህ ይሆናል፤ እኛም ከአጠገብህ አንለይም» ማለት ይበቃዋል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን ምን እንደሚፈለግ ሊነገራት፣ ጥያቄዋም ሊመለስላት ይገባል።

ስለዚህ ወላጆች ምክር ፈልገው ወደ እናንተ ወደ ትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሲመጡ፣ ይህን በትሕትና አሳስቧቸው፦ ከልጁ አካል እውነትን የምንሻ ሁላችን፣ ለልጁም የእውነት ዕዳ አለብን።