ብትቀላቅልም

ከሸኖ ወዲያ ባለው ደጋ፣ በአንድ የቅዳሜ ገበያ፣ ሁለት ቅቤ ሻጮች ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር አሉ። አንደኛዋ ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ናት። ሁለተኛዋ ቤቷ የሞላ፣ አንደበቷ የለሰለሰ፣ ገበያው ሁሉ "እትዬ" የሚላት ሴት ናት።

የመበለቲቱ ቅቤ ለጋ ነው። የምትገፋበትን ቅል እንደ ማንም ሰው በወይራ ታጥናለች፤ ከዚያ ግን እናቷ ታደርገው እንደነበረው ጦስኝ አሽታ ውስጡን ትወለውልበታለች። ኮባው ሲፈታ ሽታው ይቀድማል። እንዲህ ያለ ቅቤ በጥር፣ ሰርግ በሚበዛበት ወር፣ ረፋድ ላይ ማለቅ ነበረበት።

አላለቀም። እስከ ማታ ቆየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገዢ ትመጣለች፣ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ትከራከራለች፣ ይስማማሉ። መበለቲቱ ሚዛን የላትምና ከበርበሬ ተራ ልትዋስ ብድግ ትላለች። ይኼኔ እትዬ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ታስጠጋለች፣ ወደ ገዢዋ ዘንበል ትላለች፣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

"ግዢላት እናቴ፣ ግዢላት። ምስኪን ናት። ሦስት ልጅ ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ብትቀላቅልም አይፈረድባትም።"

ከንፈሯን ትመጥጣለች። ሌላ ቃል አትጨምርም። የራሷን ቅቤ እንኳ አታሳይም።

መበለቲቱ ሚዛኑን ተሸክማ ስትመለስ ኮባው እንደተቀመጠ ተቀምጧል፤ ገዢዋ የለችም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ ትጠራታለች። ከቆሎዋ ትዘግንላታለች። "ገበያ እንዲህ ነው እህቴ፣ አንድ ቀን ይሞላል፣ አንድ ቀን ይጎድላል። ባዶ እጅሽን ከምትገቢ ባይሆን እኔ ልውሰድልሽ" ትላትና ቅቤውን በግማሽ ዋጋ ትወስደዋለች። መበለቲቱ ሁለት እጇን ዘርግታ ትመርቃታለች፦ "ጎተራሽ አይጉደል፣ ልጆችሽ ይባረኩልሽ፣ ክፉ አይንካሽ።" እትዬም ራሷን ዝቅ አድርጋ "አሜን፣ አሜን" ትላለች። በማግስቱ ያው ቅቤ በእትዬ ኮባ ተጠቅልሎ፣ ቤቷ ድረስ ለሚመጡ ደጋሾች በሙሉ ዋጋ ይሸጣል።

ከደጋሾቹ አንዷ ልጇን ድራ ለመልሱ ቅቤ ጎደላትና ቅዳሜ ገበያ መጣች። "እትዬ፣ ከዚያ ከሰጠሽኝ ስጪኝ። ስናነጥረው መንደሩን አወደው እኮ!" አለች። እትዬ ፈታችላት። ደጋሿ አሸተተችና ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ተፈታ። እሱም አልሆነም። ሽታው ግን ከዚያው አካባቢ ይመጣል። አፍንጫዋን ተከትላ ዞር ብትል የመበለቲቱ ኮባ ላይ ደረሰች።

"ይኸው! ይኼ ነው! ለካ ለእትዬ የምታቀርቢላት አንቺ ነሽ?"

ፊት ለፊት ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስንት ቅዳሜ ሙሉ ስትሰማ የኖረች። አፏን መያዝ አቃታት። "ውይ እትዬ! ትቀላቅላለች አላልሽም እንዴ?"

"በስመአብ! እኔ? መቼ ወጣኝ?" አለች እትዬ፣ ደረቷን ይዛ። "ብትቀላቅልም አይፈረድባትም ነው ያልኩት። አዘንኩላት እንጂ ምን በደልኳት?"

መበለቲቱ የተዋሰችውን ሚዛን እንደያዘች ቆማ ነበር። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም።

"ምርቃቴን መልሺልኝ" አለች።

እትዬ መልስ አላገኘችም። ደጋሿም ለመልሱ ቸኩላ ስለነበር ቅቤዋን አስመዝና፣ ከፍላ ሄደች።

እስቲ እንተሳሰብ። እትዬ ምን ዋሸች? ምስኪን ናት አለች፤ ናት። ሦስት ልጅ ብቻዋን ታሳድጋለች አለች፤ ታሳድጋለች። ቀላቀለች የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ቅቤ ላይ ሙዝ የለወሰ፣ በርበሬ ላይ ሸክላ ፈጭቶ የጨመረ፣ ጤፍ ላይ ጀሶ የነሰነሰ ቢያዝ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለለት። በግልጽ ስም ያጠፋም ቢሆን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 ተበዳዩ አቤት ይልበታል። ከንፈሯን የመጠጠችን ሴት ግን በየትኛው አንቀጽ ትከሷታላችሁ? ምስክር ቢቆጠርባትስ? ያቺ ሽንኩርት ሻጭ እንኳ እውነቱን ተናገሪ ብትባል፣ ሰማሁ የምትለው "ግዢላት" ስትል ነው። ሙዝ የገባበት ቅቤ እሳት ላይ ሲወጣ ይጋለጣል፤ ዝቃጩ ድስቱ ሥር ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሐዘኔታ ግን የምናነጥርበት ድስት የለንም።

እኔን ከተጎዳው ስምም፣ ከግማሹ ዋጋም ይልቅ የሚከነክነኝ ያ "አሜን" ነው። ገንዘቡን ለትርፍ ወሰደችው እንበል። ምርቃቱን በምን ሆዷ ተቀበለችው? የባሰው ደግሞ፣ እትዬ ምናልባት ከልቧ ነው "አሜን" ያለችው። ማታ ቤቷ ገብታ ጋቢዋን ስትደርብ "ዛሬም አንዲት ምስኪን ረዳሁ" ሳትል አትቀርም።

መበለቲቱ አሁንም እዚያው ገበያ ትሸጣለች አሉ። ገዢ አላጣችም። የሷን ቅቤ የሚገዛ ሁሉ ግን ኮባውን እስከ ታች ያስፈታል፣ ጣቱን እስከ መሃል ይሰዳል፣ አሽትቶ ቀምሶ ነው የሚከፍለው። የእትዬን ከላይ ነካ አድርጎ ይገዛል።