ወንበሩ አማና ነው

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሃቦቻቸው ላይ ይሁን። የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ።

የዛሬው ኹጥባችን ስለ አንድ ወንበር ነው፤ ስለ ወረዳ ምክር ቤት ወንበር። በ2005 ዓ.ም. በአካባቢ ምርጫ ካርድ ይዛችሁ ተሰልፋችሁ ነበር። ወንበሮቹን በየቦታው የያዙት የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ዕጩዎች ነበሩ። በ2010 ሊደረግ የነበረው ቀጣዩ ምርጫ ተራዘመ። በ2012 ኢሕአዴግ ከስሞ ብልጽግና ሲመሠረት ሕወሓት አልቀላቀልም አለ፤ በሌሎቹ ክልሎች ግን አብዛኞቹ ተመራጮች ወንበራቸውን እንደያዙ የአዲሱ ፓርቲ አባል ሆነው ቀጠሉ። መራጩ በጉዳዩ ላይ ድምፅ የሚሰጥበት ሣጥን አልቀረበለትም።

ወገኖቼ! ሰው ሐሳቡን መለወጡ ሐራም ነው አልልም። ሐቅ ሲገለጥለት በቀድሞው ላይ የሙጥኝ የሚል ሰው አይመሰገንም። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድን ተመልከቱ። የቁረይሽ ፈረሰኞች አዛዥ ነበሩ፤ ኡሑድ ላይ ሙስሊሞችን ከኋላ ዞረው የመቱ እርሳቸው ናቸው። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ከዐምር ኢብኑል ዓስና ከዑስማን ኢብኑ ጦልሓ ጋር መዲና መጥተው ሰለሙ። አዛዥነታቸውን ግን ይዘው አልመጡም። በዚያው ዓመት ወደ ሙእታ የዘመቱት እንደ ማንኛውም ወታደር ነው። አዛዦቹ ዘይድ፣ ጀዕፈርና ዐብዱላህ ኢብኑ ረዋሓ ተራ በተራ ሸሂድ ሲሆኑ፣ ሰዎች ተስማምተው ዓርማውን ሰጧቸው። አያችሁ? ስልጣኑ የመጣው ከሰጪዎቹ እጅ ነው።

አብረዋቸው የመጡት ዑስማን ደግሞ የካዕባ ቁልፍ ባለአደራ ነበሩ። መካ በተከፈተችበት ቀን ረሱል ቁልፉን ተቀብለው ቤቱን ከፈቱ። ቁልፉን ለእኛ ይስጡን ያሉ የረሱል ዘመዶች ነበሩ። እርሳቸው ግን ከተማዋ በሙሉ በእጃቸው ሆና ሳለ፣ ቁልፉን ለዑስማን መለሱ። ከሙፈሲሮች ብዙዎቹ አማናን ለባለቤቱ ስለመመለስ የሚያዘው የኒሳእ ምዕራፍ 58ኛ አንቀጽ በዚህ ምክንያት ወረደ ይላሉ። ቁልፉ እስከ ዛሬ በዚያው ወገን፣ በበኒ ሸይባ እጅ ነው።

የወረዳው ወንበርስ የማን ነው? የፓርቲው ነው የሚል አለ፤ የተመራጩ ነው የሚልም አለ። እኔ ቦኖው እንዲጠገንላት፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት እንዲኖረው ብላ ማልዳ የተሰለፈችው እናት ነው እላለሁ። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ለሕዝቡ ፈቃድና ለኅሊናው እንደሚገዛ፣ መራጩ እምነት ሲያጣበትም ከውክልናው ሊነሳ እንደሚችል ይናገራል። የሌላ አገር ምሳሌም ልጨምር፤ ብዙ ወንድሞቻችን የሚኖሩባት ደቡብ አፍሪካ በተወሰኑ ዓመታት ለ15 ቀናት በር ከፍታ፣ የአካባቢ ተመራጮች ወንበራቸውን ሳያጡ ፓርቲ እንዲቀይሩ ፈቅዳ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. በሩን ዘጋችው።

ኒያን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ስለዚህ ፓርቲ የቀየረውን ሰው በየቡና ቤቱ አትሙት፤ ሐሜት ሐራም ነው። ግን ፊት ለፊት ጠይቁት። ቡኻሪና ሙስሊም ባወሩት ሐዲስ፣ በቂያማ ቀን አላህ ከማያናግራቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ለመሪ ቃል የሚገባው ለዱንያ ብቻ ሆኖ፣ ሲሰጠው የሚጸና፣ ሲነፈግ የሚያፈርስ ነው። ይህን ሐዲስ ባነበብኩ ቁጥር ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

የምክር ቤት አባል የሆንክ ወንድሜ፣ የሆንሽ እህቴ! ፓርቲ መቀየር ካሰባችሁ፣ ደብዳቤ ከማስገባታችሁ በፊት የመረጣችሁን ሕዝብ ሰብስቡ። ምክንያታችሁን ሳትደብቁ ንገሩት። ቀጥሉ ካለ ቀጥሉ፤ ውረዱ ካለ ቁልፉን መልሱ።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ለሶላት ቁሙ።