ሰዓቱ ስለሆነ

ፑኔ፣ ሕንድ ውስጥ ምህንድስና ስማር ክፍል የምጋራው ልጅ በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ ይነሳ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን የሚያጠና መስሎኝ ቀናሁበት። አንድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ በረንዳ ላይ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ቆሞ አየሁት። ከትንሽ የመዳብ ዕቃ ውሃ በእጁ እየቀዳ፣ ገና ላልወጣች ፀሐይ ያፈስላታል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ አይሰማም። ማታም ጀንበር ስትጠልቅ የጀመርነውን ኮድ እንዳለ ትቶት ይነሳል።

ሳንድያቫንዳናም ይባላል። «ሳንድያ» በሳንስክሪት መጋጠሚያ ነው፤ ሌሊትና ቀን የሚገናኙበት ስፌት። በጥንቱ ሥርዓት የእኩለ ቀንም አለ፤ ዋናዎቹ ግን የንጋቱና የምሽቱ ናቸው። ውሃ ፉት ይላሉ፣ ትንፋሻቸውን ይገራሉ፣ ለፀሐይ ውሃ ያቀርባሉ፣ ከዚያ ጋያትሪን ይደጋግማሉ። ጋያትሪ ከሪግ ቬዳ የመጣች፣ 24 ቀለም ያላት ጸሎት ናት። ሀብት አትለምንም፤ ብርሃኑ አእምሯችንን እንዲመራ ነው የምትጠይቀው። የማኑ ሕግ የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ የጠዋቱን ቆሞ ፀሐይ እስክትታይ፣ የማታውን ተቀምጦ ከዋክብት እስኪወጡ ድረስ ያዛል።

እዚህ ድረስ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። የእኛም ሰዓት የሚዞረው እዚያው ስፌት ላይ ነው፤ ጠዋት 12፣ ማታ 12። ያልገባኝ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ቀን ልጁ በጣም የፈለገውን ሥራ እንዳላገኘ ተነገረው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ሲነጋጋ ግን ተነስቶ ወጣ። ሲመለስ ጠየቅሁት።

«ምን ተሰማህ?»

«ምንም። ውሃው ቀዘቀዘኝ።»

«ታዲያ ለምን ትነሳለህ?»

«ሰዓቱ ስለሆነ።»

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ልብ የሌለበት ጸሎት ለእኔ ማስመሰል ነበር።

ኋላ ላይ ሳነብ፣ ሚማምሳ የሚባለው የሂንዱ ፍልስፍና ይህን ጥያቄ ጥንት እንዳነሳው አየሁ። አንዳንድ ሥርዓት የሚፈጸመው ለሚፈለግ ነገር ነው፤ ለዝናብ፣ ለልጅ። ሳንድያ ግን «ኒትያ» ከሚባሉት፣ የዘወትር ግዴታ ከሆኑት ነው። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት ብትፈጽመው የተለየ ሽልማት የለህም፤ ብትተወው ግን ጥፋት ነው። ለኢንጂነር ጆሮ ይህ የተበላሸ ዲዛይን ነው። ኢንፑት አለ፣ አውትፑት የለም።

ዲዛይኑ የገባኝ በእናቴ ነው። አዲስ አበባ ተመልሼ ሥራ ስጀምር እሷ ደሴ ናት። ስልካችን ሁሌ አንድ ነው፤ «በልተሃል? ብርዱ እንዴት ነው?» ለይስሙላ ከማወራ፣ ደስ ሲለኝ ብደውል ይሻላል አልኩ። ሐቀኝነት መሰለኝ። ሰባት ሳምንት ሄደ። ከዚያ እህቴ ደውላ እማዬ ዓይኗን ኦፕራሲዮን እንደሆነች ነገረችኝ። «ሥራ ይዞት ነው፣ አታስጨንቁት» ብላ ከልክላቸው ነበር። ደስ የሚለኝን ቀን ስጠብቅ፣ እሷ ዓይኗ ታሽጎ ተኝታለች።

ስሜት የራሱ ሰዓት የለውም። ግዴታ ግን አለው፤ ሌላው ሰው ሊደገፍበት የሚችለውም ለዚህ ይመስለኛል። ሽልማት ቢኖረው ኖሮ ሽልማቱ ያላማረን ቀን እንተወው ነበር።

ፀሐይ እናት አይደለችም፤ ውሃ ባይፈስላትም ትወጣለች ትሉኝ ይሆናል። አንድ የቆየ የቬዳ ትረካ፣ አጋንንት ፀሐይን እንደሚዋጓትና የሚቀርብላት ውሃ መሣሪያ ሆኖ እንደሚያባርርላት ይናገራል። ልጁ ይህን ቃል በቃል አይወስደውም ነበር። እኔም አልወስደውም። ግን ንጋትን እንደ ተራ ነገር የማያይ፣ የእኔም እጅ ያስፈልጋል ብሎ የሚነሳ ሰው ቀኑን የሚይዘው ኖቲፊኬሽን እያየ ከሚነቃው ከእኔ በተለየ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ግን አልዘልም። ይህ ግዴታ ለብዙ ዘመን አጥርም ነበር። የተፈቀደው ከላይኞቹ ሦስት መደቦች ለሆኑ፣ ክር ለታሰረላቸው ወንዶች ነው። በ1875 እ.ኤ.አ. በዳያናንዳ ሳራስዋቲ የተመሠረተው አርያ ሳማጅ ለሴቶችም፣ ለሌሎች መደቦችም ከፈተው፤ ሁሉም ቤት ግን አልተከተለም። ልጁ ራሱ ነው የነገረኝ፦ ቤታቸው በዚያው ሰዓት እህቱም ትነቃለች፣ ሻይ ለማፍላት። ጋያትሪን ያስተማራት የለም። ይህን ሲነግረኝ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሰዓቱን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ሰዓቱ የማን ነው የሚለው ሌላ።

አሁን በየቀኑ ማታ 12 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። አንዳንዴ ደስ ይለኛል፣ አንዳንዴ ምንም አይሰማኝም። ትናንት የምለው አልነበረኝም፤ እሷም አልነበራትም። ዶሮዎቿን እያስገባች ነበር። መብላቴን ጠየቀችኝ። በልቻለሁ አልኳት።